ኮስትርን ማን መረዘው?

የውሻው ዓይን መንጣቱን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነበርኩ፤ ለቤተሰቡ የነገርኩትም እኔው። ዝም ብል ኖሮ ሌላ ሰው ያየው ነበር፤ ጣቱም ምናልባት ወደ ሌላ ሰው ይቀሰር ነበር። ግን ያን ጊዜ ገና ልጅ እግር ሙሽራ ነበርኩና ያየሁትን ሁሉ መናገር ደግ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ጣሊያን ከወጣ ቆየት ብሏል፤ ጎንደር ፒያሳ ላይ ትቷቸው የሄዳቸው ቤቶች ግን ቀለማቸው ገና አልለቀቀም። እኔ የእንፍራንዝ ልጅ ነኝ። ባሌ ውብሸት የጭነት ማኪና ሹፌር ነበር፤ ከጎንደር አስመራ ይመላለሳል፤ አንዴ ከወጣ ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ የተዳርኩት ለእርሱ ይሁን እንጂ ውዬ የማድረው ከአባቱና ከእህቱ ጋር ነበር። አባቱ አያ ቢተው የቆዳና የማር ነጋዴ ነበሩ። ትልቋ እህቱ በላይነሽ ባሏ ሞቶባት ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች፣ የመጋዘኑን ቁልፍ በመቀነቷ ቋጥራ የምትዞር፣ ጾም ጸሎቷን የማታጓድል ሴት ነበረች። እኔ «እታለም» እያልኩ እጠራታለሁ። እሷ ግን ስሜን አታነሳም፤ ስትፈልገኝ «አንቺ!» ትላለች።

ምክንያት ነበራት። እናቴ በአገራችን ለከብት ቁርጠት፣ ለጥጃ ተቅማጥ ቅጠል እየቀጠቀጠች የምታጠጣ ሴት ናት። ይህ ወሬ ከእኔ ቀድሞ ጎንደር ገብቶ ኖሯል። «የመድኃኒተኛ ልጅ አገባ» ተብሎ ነበር አሉ።

ኮስትር የአያ ቢተው ውሻ ነው። ቡላ፣ ደረተ ሰፊ፣ መጋዘኑ በር ላይ ሲተኛ ሰው የሚያልፈው በሌላኛው መንገድ ዳር ነበር። አማቼ ወገራ ላይ ቆዳ ገዝተው ሲመለሱ ሽፍቶች ገደል አፋፍ ላይ ከበዋቸው፣ ኮስትር የአንዱን ክንድ ከነጠመንጃው ነክሶ አልለቅ ብሎ ነው ሕይወታቸው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ ስለ ውሻው ክፉ የተናገረ ሰው እቤታቸው ሁለተኛ አይቀመጥም። እኔ ስገባ ውሻውን የማብላቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ በዚያ ቤት ስመጣ ብድግ የሚልልኝ እርሱ ብቻ ነበር።

ሕመሙ የጀመረው ከገና በኋላ ነው። መጀመሪያ ውሃ መጠጣት አበዛ። ገንዳውን ባዶ አድርጎ ወደ ልብስ ማጠቢያዬ ይሄዳል፤ የአረፋውን ውሃ ሳይቀር ይጨልጠዋል። ቀጥሎ ከበሩ ሳይርቅ፣ አንዳንዴም ከተኛበት ሳይነሣ ይሸና ጀመር። ይበላል፤ ያውም እንደ ድሮው አይደለም፤ ሳህኑን ልሶ የእኔን እጅ ያያል። ግን ይከሳል። የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ብቅ አለ።

«የምታበዪው ምንድን ነው?» አለችኝ በላይነሽ አንድ ቀን።

«ከሁላችን የተረፈውን ነው እታለም። ትናንት እንዲያውም የገብስ እንጀራ በመረቅ ጨመርኩለት።»

«የበላ ውሻ ይከሳል?»

ሳህኑን አንስቼ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ከዚያ ነው ዓይኑ የመጣው። አንድ ጠዋት ስጠራው መጣና የበሩን ምሰሶ በግንባሩ ገጨ። አንገቱን ይዤ ፊቱን ወደ ብርሃን ሳዞር ሁለቱም ብሌኖቹ የወተት ስልባቦት የመሰለ ነገር ለብሰዋል። ጮህኩ። አማቼ ወጡ፣ በላይነሽም ወጣች። አያ ቢተው ተንበርክከው የውሻውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ያለ ምክንያት ዓይን አይነጣም» አሉ። «ይህ ሰው ያመጣው ነው።»

በላይነሽ ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ በእጇ የእኔን የጨርቅ ቋጠሮ ይዛለች። ፈታችና አባቷ ፊት ዘረገፈችው፤ የደረቀ እንዶድ ነው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች።

«እንዶድ ነዋ! ነጠላ የማጥብበት! እናቴ የላከችልኝ ነው፤ ምነው እታለም?»

«እንዶድ የጠጣ ሰው አንጀቱ እንደሚቆረጥ አገር ያውቃል። ለልብስ ከሆነ ምነው ከሣጥንሽ ሥር ተደበቀ?»

አልደበቅሁትም፤ ሣጥኔ ሥር ያስቀመጥኩት ሌላ ቦታ ስላልነበረኝ ነው። ይህንኑ ተናገርኩ። የተናገርኩት ግን ለራሴም ጆሮ የሐሰት ይመስል ነበር። ምሳ ሲቀርብ አማቼ ሽሮውን አሽትተው መለሱትና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወጡን በላይነሽ ትሥራ» አሉ።

ሰው በእጅሽ ያበሰልሽውን እንቢ ሲል ምን እንደሚሰማ የደረሰበት ያውቀዋል። ውሻውን የመረዘች ነገ እኔን ትመርዛለች ማለታቸው ነበር።

እኔም በበኩሌ መጠርጠር ጀመርኩ። አንድ ረፋድ በላይነሽ ግራ ቀኝ አይታ፣ ከነጠላዋ ሥር ጠርሙስ አውጥታ በኮስትር ገንዳ ውስጥ የሆነ ነገር ስታፈስ ከአጥር ወዲህ ሆኜ አየኋት። ዞር ስትል ገንዳውን ደፋሁት። «እሷ ናት!» አልኩ በልቤ። «ውሻውን ገድላ በእኔ ልታላክከው ነው።» ከዚያ በኋላ እኔ እሷን፣ እሷ እኔን ስንጠብቅ መዋል ሆነ። እሷ ወደ ገንዳው ስትሄድ እኔ መጥረጊያ ይዤ እከተላለሁ፤ እኔ ሳህኑን ስይዝ እሷ ደጃፉ ላይ ትቆማለች። ውሻው በመካከላችን እየዳበሰ ይዞራል።

ውብሸት ከአስመራ ሲመለስ ወሬው ከመንገድ ተቀብሎታል። ጓዳ ጠራኝና በሩን ዘጋ።

«የሻረግ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ለውሻው ምን ሰጠሽው?»

«አንተም?» አልኩት።

«ጠየቅሁሽ እንጂ አልፈረድኩብሽም።»

«ዓይኔን እያየህ መጠየቅ ከቻልክ ፈርደሃል።»

አላለቀስኩም። እርሱ አቀረቀረ። ቆይቶ፣ ዳባት ላይ ደስታ ለሚባለው የከብት ወረርሽኝ ክትባት የሚሰጥ ሐኪም እንዳለ፣ የመድኃኒቱን ሣጥኖች ከአስመራ ያመጣለት እርሱ ራሱ እንደሆነ ነገረኝ። ለአባቱም ነገራቸው። አያ ቢተው አሰቡና፣ «ሸጋ፤ ይምጣ» አሉ። «መርዝ ነው ካለ ግን ሚስትህን ወደ እንፍራንዝ ትመልሳታለህ። ነገሩም እዚያ አይቀርም፤ ዳኛ ያየዋል።»

ሐኪሙ ዶክተር ይርጋ ይባላል፤ ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ የቆዳ ቦርሳውን ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። የመጣው በሁዳዴ ጾም መካከል ነው። ጎረቤት ሁሉ አጥር ተደግፎ ቆመ። እኔ ለፍርድ የቆምኩ ያህል ግድግዳውን ተጠግቻለሁ።

የውሻውን አፍ ከፍቶ አየ፤ ሆዱን ዳበሰ፤ ዓይኑን በባትሪ መረመረ። ከዚያ፣ «የሚያበላው ማነው?» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ውሃ ይጠጣል?»

«ያገኘውን ሁሉ» አልኩ።

«እየበላ ነው የከሳው?»

«እየበላ ነው።»

«የሚሸናበትን ቦታ አሳዪኝ።»

አማቼ ተቆጡ። «ዶክተር፣ መርዙን ይፈልጉልን ነው ያልነው!»

«እርሱን እየፈለግሁ ነው አባቴ።»

ወደ በሩ ምሰሶ ወሰድኩት። ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየ። ከምሰሶው ሥር ጉንዳን ተነባብሮ ነበር፤ ከግቢው ዳር ጀምሮ በመስመር እየመጣ ኮስትር የሸናበት አፈር ላይ ይርመሰመሳል። እኔ በየቀኑ የምጠርገው ነው፤ ለምን እንደሚመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ሐኪሙ በቆርቆሮ ጣሳ የውሻውን ሽንት ተቀበለ። ከቦርሳው ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ፣ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስና በአልኮል የሚነድ ትንሽ ኩራዝ አወጣ። ከሽንቱ ጥቂት ጠብታ ሰማያዊው ላይ ጨምሮ እሳቱ ላይ ያዘው። ፈሳሹ መፍላት ሲጀምር አረንጓዴ ሆነ፤ ከዚያ ቢጫ፤ ከዚያ ዓይናችን እያየ እንደ ሸክላ ቀላ።

«መርዙ ወጣ!» ብላ ጮኸች በላይነሽ። አጥሩ ላይ የነበሩት ሴቶች አማተቡ። ውብሸት ከጎኔ ቆሞ ነበር፤ አንድ እርምጃ ሲሸሽ ተሰማኝ።

ሐኪሙ ግን ቱቦውን ለማንም ሳይሰጥ፣ «ሽንት ቤቱ የት ነው?» አለ። ሄደና በሌላ ብርጭቆ የራሱን ሽንት ይዞ መጣ። ሰው አጉረመረመ፤ አማቼ ፊታቸውን አዞሩ። እንደ ቅድሙ ሰማያዊው ላይ ጠብ አድርጎ አፈላው። አረንጓዴ ሆነ፤ ቢጫ ሆነ፤ እንደ ውሻው አልቀላም እንጂ ወደዚያው አጋደለ። ሁለቱን ቱቦዎች ጎን ለጎን ያዛቸው።

«እርስዎንስ ማን መረዘዎት?» አለች በላይነሽ ሳታስበው።

«ማንም» አላት። «ማንም አልመረዘኝም እህቴ። ስኳር በሽታ ነው። የበላነው ምግብ ስኳር ሆኖ በደማችን ይዞራል። ወደ ሥጋችን የሚያስገባው ከቆሽት የሚመነጭ ነገር አለ፤ ኢንሱሊን ይባላል። እርሱ ሲጠፋ ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማችና በሽንት ይወጣል፤ ሲወጣም ውሃውን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ይጠማል፤ እየበላም ይከሳል። ጉንዳኑ የመጣው ለስኳሩ ነው። ዓይኑንም የጋረደው ይኸው ስኳር ነው።»

«ሰው ሳይነካው?» አሉ አያ ቢተው።

«ሰው ሳይነካው። እኔ ተማሪ ሳለሁ ጀመረኝ፤ ይኸው በየቀኑ ራሴን በመርፌ እየወጋሁ እኖራለሁ።» ሸሚዙን ገልጦ ሆዱ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች አሳያቸው።

በላይነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣችና፣ «ውሻና ሰው በአንድ በሽታ!» ብላ ወጥታ ሄደች። ቀጥሎ የተባለውን ስላልሰማች ነው በኋላ የሆነው የሆነው።

ዶክተር ይርጋ ከራሱ መድኃኒት አንድ ብልቃጥ ሰጠን። ውብሸትም ሌላ ከአስመራ እንዲያመጣ የመድኃኒቱን ስም ጽፎ ሰጠው። ብልቃጡ ከእንስራው ሥር፣ ቀዝቃዛ ቦታ እንዲቀመጥ አዘዘ። መርፌው እንዴት እንደሚቀቀል፣ ከአንገቱ ኋላ ቆዳውን ቆንጥጦ እንዴት እንደሚወጋ አሳየ። «ምግቡ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ልክ ይሁን። መጀመሪያ ይብላ፤ ከበላ በኋላ ይወጋ። ሳይበላ የተወጋ እንደሆነ ስኳሩ ከልክ በላይ ይወርዳል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል፣ ሊሞትም ይችላል። ያን ጊዜ ማር ድዱ ላይ ቀቡ። ጉሮሮው ውስጥ እንዳታፈሱ፤ ያንቀዋል።» ከዚያ መርፌውን ወደ እኔ ዘረጋ። «የምታበላው ትውጋው።»

አማቼ መርፌውን አዩ፤ እኔን አዩ። ጥርጣሬያቸው አልለቀቃቸውም ነበር። አንድ እንግዳ ሰው ሁለት ቱቦ ስላፈላ ብቻ እንዴት ይልቀቃቸው?

«ፊቴ ትወጊዋለሽ» አሉኝ። «ዓይኔ እያየ።»

እንዲሁ ሆነ። በየጠዋቱ በርጩማቸውን አስወጥተው ይቀመጣሉ፤ እኔ ውሻውን አበላለሁ፤ ሳህኑን አሳያቸዋለሁ፤ እወጋዋለሁ። ኮስትር አንዴም አላጉረመረመብኝም። ውሃ መጠጣቱ እየቀነሰ መጣ። ጎኑ መሙላት ጀመረ። ዓይኑ አልበራም፤ ሐኪሙም አይበራም ብሎን ነበር። ውብሸት መድኃኒቱን ሊያመጣ ወደ አስመራ ወጣ።

አንድ ጠዋት ኮስትር እንደወትሮው በላ፤ ሳህኑ ባዶ ሆነ፤ አማቼ እያዩ ወጋሁት። እርሳቸው የመጣ ቆዳ ሊረከቡ ወደ አዘዞ ሄዱ። እኔ ልብስ ሳሰጣ ውሻው ከመጋዘኑ ጀርባ ብቅ አለ። እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። «ኮስትር!» አልኩት። አፉን ከፈተ፣ አራት እግሩ በአራት በኩል ተዘረጋና ወደቀ። ከዚያ መንፈራገጥ፣ አረፋ መድፈቅ።

በላይነሽ ሮጣ ወጣች። «ገደለችው! ኧረ የሰው ያለህ፣ ገደለችው!» ጎረቤት በአንድ ጊዜ ግቢውን ሞላው።

«ማር!» አልኩ። «እታለም፣ ማር ስጪኝ፤ ቶሎ!»

«ማሩን ደግሞ ምን ልታደርጊው?»

«ድዱ ላይ ልቀባለት! ሐኪሙ ብሏል! ስኳሩ ወርዶ ነው!»

«ስኳር በዛበት ተብሎ አይደል የሚወጋው? አሁን ደግሞ ማር? ምን ቀላቅለሽ ልትጨርሽው ነው? አባቴ ይምጣና ይየው!» ቁልፉን በመዳፏ ጨበጠችው።

አማቼ ከአዘዞ እስኪመጡ ውሻው እንደማይቆይ አውቄያለሁ። ስኳር የሚባል ነገር በቤቱ አልነበረም። ጥቂት ማር በጣሳ አጠገቤ እንዲሆን መጠየቅ እችል ነበር፤ እሷን መለመን ከብዶኝ ቀርቷል። እግሯ ሥር ተንበረከክሁ።

«አንቺው ራስሽ ቅጂው። እኔ አልነካውም። መጀመሪያ እኔ እቀምሰዋለሁ፤ መርዝ ከሆነ እኔ ልሙት።»

ሁዳዴ ነው፤ ገና ረፋድ ነው። በዚያ ግቢ ካለው ሰው እህል ውሃ የቀመሰ የለም።

«ጾምሽን ልትገድፊ?» አለች በላይነሽ ቀስ ብላ።

«ልግደፍ።»

አየችኝ። በዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እንዲያ ትክ ብላ አይታኝ አታውቅም። ከዚያ ሮጣ ሄደች፤ መጋዘኑ ሲከፈት ሰማሁ። በዋንጫ ማር ይዛ መጣች። ሁሉም እያዩ ጣቴን ነክሬ አፌ ውስጥ ከተትኩና ዋጥኩ። «ይኸው» አልኳት።

የውሻውን ከንፈር ገለጥኩ። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ ቢዘጋ ጣቴን ይቆርጠዋል። ማሩን ከውጭ በኩል በድዱ ላይ ቀባሁት፤ ደግሜ ቀባሁት። ምንም የለም። አንዲት ሴት፣ «አበቃለት» አለች። ደግሜ ቀባሁ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ የማውቀው ከእኔ እጅ ጎን ሌላ እጅ ዋንጫው ውስጥ መግባቱን ነው። በላይነሽ ነበረች። ውሻ ነክታ የማታውቅ ሴት፣ በሌላው በኩል ከንፈሩን ገልጣ ትቀባለች።

መጀመሪያ መንፈራገጡ ቆመ። የሞተ መሰለን። ቀጥሎ ምላሱ ወጣና ድዱን ላሰ። ቆይቶ አንገቱን አነሣ፤ በማያየው ዓይኑ ወደ እኔ ዞረ፤ ጅራቱ መሬቱን መታ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

የተረፈ እንጀራ አመጡልኝና አበላሁት። ሰዉ እየተነጋገረ ተበተነ። እኔ ግን አሁንም ፈርቻለሁ። ሳህኑ ባዶ ነበር፤ ታዲያ ለምን ወደቀ? አማቼ ሲመጡ ምን እላለሁ? ደግሞም በልቤ፣ ምግቡን ከአፉ የነጠቀው ማነው እያልኩ ነበር።

«የሻረግ!» አለች በላይነሽ ከመጋዘኑ ጀርባ። ስሜን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው። ሄድኩ። መጥረጊያ ይዛ ቆማለች። ከቆዳው ክምር ኋላ፣ መሬቱ ላይ፣ የጠዋቱ ምግብ እንዳለ ተመልሷል፤ ኮስትር አስታውኮት ኖሯል።

«ልጠርግ መጥቼ ነው ያየሁት» አለች። «አባቴ ሳያየው አልጠርገውም። ያንቺ ጥፋት እንዳልሆነ በዓይኑ ይይ።»

ጠርጋው ቢሆን ማንም አያውቅም ነበር። ጥርጣሬዋም በዚያው ይጸናላት ነበር። ቆሜ አየኋትና ሳላስበው፣ «በጠርሙስ ስታፈሺለት አይቼሻለሁ» አልኳት። «ምን ነበር?»

ፊቷ ቀላ። ግራ ቀኝ አየች። «ጠበል» አለች። «ለውሻ ጠበል መስጠት ኃጢአት ነው፤ አውቃለሁ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላስችል ቢለኝ ነው። ለማንም እንዳትናገሪ።»

እኔ መርዝ ብዬ የደፋሁት ጠበል ነበር።

አማቼ መጡ፤ አዩ፤ ሰሙ። ምሽት እራት ሲቀርብ ግን፣ «የየሻረግ ወጥ የታለ?» አሉ። አልሠራሁም ነበር። «እንግዲያው እጠብቃለሁ» ብለው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ሽሮ እስክሠራ ጠበቁኝ። ውብሸት ከአስመራ ሲመለስ ይቅርታ የጠየቀኝ አባቱ ነግረውት ነው፤ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ብዙ ዘመንም አብረን ኖረናል። ያን ዕለት ከጎኔ የሸሻትን አንድ እርምጃ ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። የነፍስ አባቴም ስለ ገደፍኩት ጾም ስግደት ሰጡኝ፤ ሲሰጡኝ ግን ፈገግ ብለው ነበር።

ኮስትር ዕውር ሆኖ፣ በመርፌ እየተወጋ ከዚያ በኋላ ሁለት ፋሲካ አየ። ዶክተር ይርጋ ጎንደር ሲመጣ እየጠየቀን ነበርና፣ የከብት ጤና ረዳቶች ሲሠለጥኑ አማቼን አስፈቅዶ እኔን አስገባኝ። ለከብት ተብዬ ሠልጥኜ፣ የዕድሜዬን ግማሽ የፈጀሁት ሰዎች በዘንቢልና በገመድ ይዘዋቸው በሚመጡ ድመቶችና ውሾች ነው።

አንባቢዎቼ፣ ጥርጣሬ የሚመጣው ከክፋት ብቻ አይምሰላችሁ። እኛ ሦስታችንም ያንን ውሻ እንወደው ነበር። የምንወደው ነገር ዓይናችን እያየ ሲያልቅ፣ ያለ አንድ ክፉ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል ብሎ መቀበል ይከብዳል። ሰው መወንጀል ከዚያ ይቀላል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ለመወንጀል የቸኮለ ሰው ሳይ፣ ምን ያህል እንደጨነቀው ነው የሚታየኝ።

አንድ ጊዜ አንዲት ሴት የከሳች ድመት ታቅፋ የምሠራበት ክሊኒክ ገባች። «ጎረቤቴ መርዛብኝ ነው፤ ወረቀት ጻፉልኝና ልክሰሳት» አለች። የድመቷን ሽንት መረመርኩ፤ ያው ነው፤ ቀላ። ብነግራት እንደማታምነኝ አወቅሁ። «ሂጂና ጎረቤትሽን ይዘሻት ነይ» አልኳት። ተቆጣች፤ ግን አመጣቻት። ሁለቱም እያዩ እንደገና አፈላሁት፤ በሽታውን ነገርኳቸው። ከዚያ መርፌውን አንስቼ፣ «እናንተ ኖራችሁም ወጣችሁም ድመቷ በየቀኑ መወጋት አለባት። አንዳችሁ ስትወጣ ሌላይቱ ትወጋታለች» አልኩና ለሁለቱም አስተማርኳቸው።

ተኮራርፈው ቆመው ተማሩ። ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። ባለቤቲቱ ድመቷን ታቅፋለች፤ ተከሳሿ ደግሞ የመድኃኒቱ ብልቃጥ እንዳይሰበር በነጠላዋ ጠቅልላ በሁለት እጇ ይዛ ትከተላታለች።